የ14 ቀን ሙከራ፣ የ11 ደቂቃ ፍርድ

የአክስቴ ልጅ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። ሱቋ ከሁለት ሰው በላይ አያስቆምም፤ መደርደሪያው ግን እስከ ኮርኒሱ ድረስ ፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታና የዘይት ፊልትሮ ታጭቆበታል። የቱ ዕቃ የት እንዳለ በዓይኗ ታውቃለች፤ ስንት እንደቀረ የሚነግራት ግን ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ ሰማያዊ ደብተር ነው። ዱቤ የወሰዱ መካኒኮች ስምም እዚያው ደብተር የኋላ ገጾች ላይ ሰፍሯል። አንድ ቀን ደብተሩ ላይ ሻይ ፈሰሰበትና የሦስት ወር ዱቤ ተዥጎረጎረ። "እስቲ ያንን ሁልጊዜ የምታወራልኝን የኮምፒውተር ነገር አምጣው" ያለችኝ ያን ዕለት ነው።

ያመጣሁላት የውጭ አገር የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነበር። "14 ቀን በነፃ ይሞክሩ" ይላል። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አኑሬ ከጎኗ ቆምኩ። መጀመሪያ ስሟን ጠየቃት። ቀጥሎ "የቤተሰብ ስም" የሚል ሳጥን መጣ። "ይሄ የአባቴን ነው የአያቴን?" አለችኝ። "የአባትሽን አድርጊው" አልኳት። ስልኳን በ09 ጀምራ ስትጽፍ ቀይ መስመር ወጣባት፤ 251 ጨምራ ዜሮዋን ማውጣት እንዳለባት እስኪገባን ሁለት ጊዜ ተሳሳትን። የፖስታ ኮድ ጠየቃት፤ ከራሴ ፈጥሬ ሞላሁላት። የሠራተኛ ብዛት፣ የሥራ ዘርፍ፣ ስለ እኛ ከማን ሰሙ። ከዚያ ማረጋገጫ ሊንክ ወደ ኢሜይሏ ተላከ። የኢሜይሉን ፓስዎርድ የሚያውቀው ልጇ ነው፤ ተደወለለት።

በመጨረሻ ገባን። የገባንበት ገጽ ላይ "ጠቅላላ ሽያጭ 0.00 ዶላር"፣ "ጠቅላላ ዕቃ 0" ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ግራፍ አለ። ከላዩ ደግሞ "1 ከ9" የሚል ቁጥር ያለው ሳጥን ብቅ ብሎ በተኖቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቃት ጀመር። ሦስተኛው ሳጥን ላይ ስንደርስ አንድ መካኒክ መጥቶ የቪትዝ ፍሬን ሸራ ጠየቀ። ተነሥታ አወረደችለት፤ ብሩን ተቀብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ተመልሳ ስክሪኑን አየችና "አሁን የሸጥኩትን እዚህ ውስጥ የት ነው የምጽፈው?" ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ፈልጌ አጣሁት። ሰዓቴን ሳይ ከጀመርን 11 ደቂቃ ሆኖናል። ላፕቶፑን ከደነችው። በ12ኛው ቀን "2 ቀን ብቻ ቀርቶዎታል!" የሚል ኢሜይል ደረሳት።

ይህን ያወጋሁት ያንን ፕሮግራም ለመውቀስ አይደለም። ምናልባት ከውስጡ በጣም ጎበዝ ፕሮግራም ይሆናል፤ ያንን ግን የአክስቴ ልጅ አላየችም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሶፍትዌር ሻጮች ሙከራን የሚቆጥሩት በቀን ነው፤ ሞካሪው የሚቆጥረው ግን በመጀመሪያው የሥራ ፍሬ ነው። እሷ የምትፈልገው ፍሬ አንድ ነበር፤ የሸጠችውን አንድ ፍሬን ሸራ መዝግቦ ከስቶክ ላይ አንድ ሲቀንስ ማየት። ያ ባለመድረሱ 14ቱ ቀን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ቅጹ ከየት መጣ?

ነፃ ሙከራ ለግል ኮምፒውተር ከሚሠራ ሶፍትዌር ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድሩ ፍሉግልማን ፒሲ ቶክ የተባለ ፕሮግራሙን፣ ጂም ክኖፍ ደግሞ ፒሲ ፋይልን ሰው እንደልቡ እየገለበጠ እንዲያከፋፍላቸው ለቀቁ፤ የጠቀመው በፈቃዱ ይክፈል አሉ። በቀጣዩ ዓመት ከማይክሮሶፍት የወጣው ቦብ ዋላስ ፒሲ ራይት የተባለ የጽሕፈት ፕሮግራሙን በዚሁ መንገድ ሸጠ፤ የአሠራሩም ስም ሼርዌር ሆኖ ቀረ። በታኅሣሥ 1993 የወጣው ዱም የተባለ ጨዋታ ከሦስት ክፍሎቹ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ በነፃ ሰጠ፤ ቀሪውን የፈለገ ገዛ። የፋይል መጠቅለያው ዊንራር 40 ቀን ሙከራ ሰጥቶ፣ ቀኑ ካለፈም በኋላ "ይግዙኝ" እያለ ከማስታወስ በቀር ሥራውን አያቆምም።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ቅጽ አለመኖሩ ነው። ዲስኬቱን ታስገባለህ፣ ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ትሠራለህ። መጫኑ አንዳንዴ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ማን እንደሆንክ የሚጠይቅህ የለም። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው በበኩሉ ማን እንደሞከረው፣ የት ላይ እንደተወው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ሶፍትዌር ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ በየወሩ የሚከራይ ዕቃ ሲሆን ይህ ተገለበጠ። ሻጩ አሁን እያንዳንዱን ጠቅታ ያያል፤ ገንዘቡን ግን አንዴ ተቀብሎ አይገላገልም፤ ደንበኛው በየወሩ ደግሞ ደጋግሞ እንዲመርጠው ያስፈልጋል። ስለዚህ የሽያጭ ክፍሉ የሞካሪውን ስም፣ ስልክ፣ የድርጅቱን ስፋት ይፈልጋል፤ ማንን ቀድሞ ደውሎ ማነጋገር እንዳለበት የሚወስነው በዚያ ነውና። ፕሮግራሙን የሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ ሰውየው ቶሎ ገብቶ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። የመግቢያው ቅጽ የእነዚህ የሁለት ክፍሎች ስምምነት ውጤት ነው፤ በድርድሩ ላይ ያልተቀመጠው ሞካሪው ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ የሠራተኛ ብዛት የተጠየቀችው ለእሷ የሚጨምርላት ነገር ኖሮ አይደለም።

መጀመሪያ መስጠት፣ ኋላ መጠየቅ

የቅጹ ዋጋ ስንት እንደሆነ ከሚያሳዩት ታሪኮች በጣም የታወቀው ጃሬድ ስፑል የተባለ የአጠቃቀም ባለሙያ በ2009 የጻፈው ነው። አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ነጋዴ ደንበኞቹን ዕቃ መርጠው ሊከፍሉ ሲሉ "ይግቡ ወይም ይመዝገቡ" የሚል ገጽ ያመጣባቸው ነበር። አዲሶቹ "ልገዛ እንጂ ልመዘገብ አልመጣሁም" በሚል ስሜት ይበሳጫሉ፤ የቆዩት ደግሞ በየትኛው ኢሜይልና ፓስዎርድ እንደተመዘገቡ አያስታውሱም። የስፑል ቡድን የ"ይመዝገቡ" በተንን አንሥቶ በምትኩ "ይቀጥሉ" የሚል አኖረ፤ ለመግዛት መመዝገብ ግዴታ እንዳልሆነም በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጸ። ግዢያቸውን የፈጸሙ ደንበኞች ቁጥር በ45 በመቶ ጨመረ፤ የዓመቱ ተጨማሪ ገቢም 300 ሚሊዮን ዶላር ሆነ።

የቋንቋ መማሪያው ዱኦሊንጎ ያደረገው ደግሞ ከዚህ ይልቅ ለሙከራ ይቀርባል። ቀድሞ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አካውንት እንዲከፍት ይጠይቀው ነበር። ከዚያ የምዝገባውን ገጽ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ገፉት፤ ሰውየው መጀመሪያ ይማራል፣ ጥቂት ቃላት ያውቃል፣ ነጥብ ይሰበስባል፤ "የደረስክበት እንዳይጠፋብህ ስምህን ስጠን" የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። የዕድገት ሥራውን የመራችው ጂና ጎቲልፍ እንደተናገረችው፣ ይህ አንድ ለውጥ ብቻ የዕለት ተጠቃሚዎችን ቁጥር 20 በመቶ ገደማ ከፍ አደረገው።

የጥያቄው ቃል አልተለወጠም፤ ያው ስም፣ ያው ኢሜይል ነው። የተለወጠው ጥያቄው የሚመጣበት ሰዓት ነው። ምንም ሳያገኝ የተጠየቀ ሰው ቅጹን እንደ ኬላ ያየዋል። አንድ ነገር በእጁ ከገባ በኋላ ሲጠየቅ ግን ያ ቅጽ ንብረቱን የሚያስቀምጥበት ሳጥን ይሆንለታል። የመርካቶ ማር ሻጭ ይህን ያውቃል፤ ማሩን መዳፍህ ላይ ጠብ ሳያደርግልህ "ስንት ኪሎ?" አይልህም።

ባዶ ገጽ ያስፈራል

ከቅጹ ቀጥሎ ያለው ገደል ባዶው ገጽ ነው። ሠሪው ያንን ገጽ ባዶ አድርጎ አያውቀውም፤ እሱ ሲሠራ ሁልጊዜ በመሞከሪያ ዳታ የተሞላ ነው። አዲሱ ሰው ግን የሚያየው ዜሮ ብቻ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ስለ ፕሮግራሙ ችሎታ ምንም አይናገርም።

የዲዛይን መሥሪያው የካንቫ መሥራች ሜላኒ ፐርኪንስ ይህን ቀድማ ተረድታለች። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ የዲዛይን ፕሮግራሞችን ታስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቿ በተኖቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ብቻ ረጅም ጊዜ ይፈጁ ነበር። ካንቫ በ2013 ከመውጣቱ በፊት በሰዎች ላይ ሲሞከር የታየው ችግር ግን ከበተንም የከፋ ሆነ፤ ሰዎቹ ዲዛይን እንደማይችሉ አምነው ነበር የመጡት። ትንሽ ነካ ነካ ያደርጉና የወጣው ነገር ሲያስጠላቸው "ድሮም አልችልም" ብለው ይተዋሉ። መፍትሔው የበተን ማብራሪያ መጨመር አልነበረም። አዲሱን ሰው ጥቃቅን ሥራ አሠሩት፤ የክቡን ቀለም ቀይር፣ ለዝንጀሮዋ ኮፍያ አድርግላት። ሥራው ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ዕቃ ፈልጎ ማግኘትን፣ ጎትቶ ማስቀመጥን፣ መጠን መለወጥን ያስተምራል። ከሁሉም በላይ "ችያለሁ" የሚል ስሜት ይሰጣል።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። በ1990 የወጣው ዊንዶስ 3.0 ሶሊቴር የተባለውን የካርታ ጨዋታ ይዞ መጣ፤ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ሰው ካርታ እየጎተተ ሳያውቀው ማውዝ መጠቀም ለመደ። የተቃራኒው ምሳሌ ክሊፒ ነው። ከማይክሮሶፍት ኦፊስ 97 ጋር የመጣው ዓይናማ የወረቀት ማያያዣ ሰው ሥራ በጀመረ ቁጥር ብቅ እያለ "ልርዳዎት?" ይል ነበር። በ2001 በወጣው ኦፊስ ኤክስፒ ላይ ራሱን ችሎ እንዳይመጣ ተደረገ፤ በኦፊስ 2007 ላይ ጨርሶ ቀረ። ሶሊቴር ሰውየውን ሥራ ላይ አስቀምጦ አስተማረው፤ ክሊፒ ሥራውን አስቁሞ ሊያስተምረው ፈለገ። የአክስቴን ልጅ ያሰለቻት "1 ከ9" የሚለው ሳጥን የክሊፒ የልጅ ልጅ ነው።

ስላክ በዚህ በኩል የተሻለ ብልሃት ነበረው። የቢሮ መልእክት መለዋወጫ ነውና፣ አዲሱን ሰው ስላክቦት የተባለ ገጸ ባሕርይ በመልእክት ያነጋግረው ነበር። ሰውየው ለስላክቦት መልስ ሲጽፍ ስላክን መጠቀም ተማረ ማለት ነው። የፋይል ማስቀመጫው ድሮፕቦክስ ደግሞ ሰባት አጫጭር መጀመሪያ ሥራዎች ዘርዝሮ አምስቱን ለጨረሰ 250 ሜጋባይት ተጨማሪ ቦታ ይመርቅ ነበር። ምርቃቱ ከራሱ ከዕቃው የተቆረሰ ነው፤ የተሰጠው ሰው ቦታውን ለመሙላት ሲል ይበልጥ ይጠቀማል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ለዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የዚህ አቻው ምንድን ነው? የሥራ ዘርፏን ጠይቀዋታል አይደል? "የመኪና መለዋወጫ" ብላለች። ያ መልስ ለሽያጭ ክፍሉ ከመላኩ በፊት ለእሷ ቢሠራ ኖሮ፣ ገጹ ሲከፈት አሥር ያህል የናሙና ዕቃ ተደርድሮ ይጠብቃት ነበር፤ ፍሬን ሸራ 24፣ ካንዴላ 60፣ ቺንጋ 8። በመሀሉ አንድ ትልቅ በተን፤ "አንድ ዕቃ ይሽጡ"። ትጫናለች፤ 24ቱ 23 ይሆናል። ይኸው ነው።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

እዚህ ላይ ብዙ ኩባንያዎችን ያሳሳተ አንድ ነገር አለ። የስላክ መሥራች ስቱዋርት በተርፊልድ ሁለት ሺህ መልእክት ከተለዋወጡ ቡድኖች 93 በመቶው ስላክን መጠቀም እንደቀጠሉ ተናግሯል። የፌስቡክን የዕድገት ቡድን የመራው ቻማት ፓሊሃፒቲያም የቡድኑ ዒላማ አዲስ ሰው በ10 ቀን ውስጥ 7 ጓደኞች እንዲያገኝ ማድረግ እንደነበረ አውስቷል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጀማሪ ኩባንያ የራሱን አስማተኛ ቁጥር ፍለጋ ወጣ።

ቁጥሩ ዋጋ አለው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ ያደርጋል። ግን ጃንጥላ የያዙ ሰዎች በበዙበት ቀን ይዘንባል ተብሎ ጃንጥላ ማደል ዝናብ አያመጣም። ሁለት ሺህ መልእክት የተለዋወጠ ቡድን የቀጠለው መልእክቱን ስለቆጠረ አይደለም፤ የሚያወራው ሥራ ስለነበረውና ስላክ ለዚያ ሥራ ስለተመቸው ነው። ቁጥሩን ለመሙላት ሲባል ሞካሪውን በማሳወቂያ የሚጎተጉት ኩባንያ ቁጥሩን ያገኛል፤ ሰውየውን ግን ያጣል።

የሙከራው ርዝመትም እንዲሁ ነው። "ሁለት ሳምንት ካነሰ አንድ ወር እንስጥ" የሚል ሐሳብ ደግነት ይመስላል። ሄማ ዮጋናራሲምሃን የተባለች የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የአንድ ትልቅ ሶፍትዌር አቅራቢን የ7፣ የ14 እና የ30 ቀን ሙከራዎች በብዙ ተጠቃሚዎች ላይ አነጻጽራለች። ለሁሉም 7 ቀን መስጠት ከ30 ቀኑ ይልቅ ከፋይ ደንበኞችን ከ5 በመቶ በላይ ጨመረ። ከምክንያቶቹ አንዱ ለማንም የሚገባ ነው፤ 30 ቀን የተሰጠው ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይነካካውና ይተወዋል፤ መክፈል አለመክፈሉን በሚወስንበት ቀን ካየው ሳምንታት አልፈውታል። ከዚህ ተነሥቶ 7 ቀን ለሁሉም ይሆናል ማለት አይቻልም፤ የደመወዝ መሥሪያ ፕሮግራም አንድ የወር መጨረሻ ካላለፈበት አይፈተንም። የሚቻለው ድምዳሜ፣ ባዶ ቀን መጨመር ደካማ አቀባበልን አያክምም የሚለው ነው።

የማስታወሻ ኢሜይሎችም በቀን ከሚታዘዙ በሥራ ቢታዘዙ ይሻላል። ምንም ዕቃ ላላስገባች ነጋዴ "2 ቀን ቀርቶዎታል" ማለት፣ እንጀራ ላልቀረበለት እንግዳ "ገበታው ሊነሣ ነው" እንደማለት ነው። በሁለተኛው ቀን "ዕቃዎን ማስገባት ከከበደዎ የደብተርዎን አንድ ገጽ ፎቶ አንሥተው ይላኩልን፤ እኛ እናስገባልዎታለን" የሚል አንድ መልእክት ቢመጣ የአክስቴ ልጅ ፎቶውን ትልክ ነበር። ድካም ነው? አዎ። ግን ዛሬ ግዙፍ የክፍያ ኩባንያ የሆነው ስትራይፕ ሲጀምር መሥራቾቹ የኮሊሰን ወንድማማቾች ይህንኑ ያደርጉ ነበር። የጀማሪ ኩባንያዎች ባለሀብት የሆነው ፖል ግራሃም በ2013 እንደጻፈው፣ ሰው "እሞክረዋለሁ" ሲላቸው ሊንክ እንልክልሃለን ብለው አይሄዱም፤ "ላፕቶፕህን ስጠን" ብለው እዚያው ያስገቡለታል።

መግቢያው መውጫውንም ይጨምራል

ሞካሪው ከበሩ ላይ የሚፈራው ሌላው ነገር ክሬዲት ካርድ ነው። ካርድ የሚጠይቅ ሙከራ ሲያልቅ በዝምታ ወደ ክፍያ ይሸጋገራል፤ ከሙከራ ወደ ክፍያ የሚያልፉት በመቶኛ ሲሰሉ ብዙ የሚመስሉትም ከፊሉ የረሱ ሰዎች ስለሆኑ ነው። የረሳ ሰው ደንበኛ አይደለም፤ አንድ ቀን የባንክ መግለጫውን ሲያይ የሚቆጣ ሰው ነው።

ይህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ አማዞንን በሰኔ 2023 የከሰሰው ሰዎችን በግልጽ ሳይስማሙ ፕራይም በተባለው የሚከፈልበት አባልነት ውስጥ አስገብቷል፣ ሲወጡም አንከራቷል በማለት ነው። በክሱ እንደተገለጸው የመሰረዣው ሂደት በኩባንያው ውስጥ ኢሊያድ ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ረጅሙን የትሮይ ጦርነት በሚተርከው የሆሜር ድርሰት ስም። ጉዳዩ በመስከረም 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ኮሚሽኑ በጥቅምት 2024 መሰረዝ እንደመመዝገብ ቀላል ይሁን የሚል አጠቃላይ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ደንቡ ግን ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት በሐምሌ 2025 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተሻረ። ሕጉ ወዲህም ቢል ወዲያ የሞካሪው ስሌት አይለወጥም፤ መውጫው የት እንዳለ ያላየ ሰው ለመግባት ያመነታል። "ካርድ አንጠይቅም፤ ሙከራው ሲያልቅ ምንም አይቆረጥብዎትም፤ ያስገቡት መረጃ የእርስዎ ነው፤ በኤክሴል ማውረድ ይችላሉ" የሚሉ አራት አጫጭር ሐረጎች ከዘጠኝ ሳጥን ማብራሪያ ይበልጣሉ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ

አዲስ አበባ ውስጥ ለሱቅ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆቴል ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች እየበዙ ነው። ብዙዎቹ የመግቢያ ገጻቸውን ከውጭ ፕሮግራሞች ይቀዱታል፤ ከነቅጹ፣ ከነባዶ ዳሽቦርዱ፣ ከነ"ካርድ ያስገቡ"። ካርዱን ያነሣን እንደሆነ፣ አብዛኛው የአገራችን ነጋዴ ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ የለውም። በግንቦት 2021 ከተጀመረው ቴሌብር ወዲህ ግን በስልኩ መክፈል ለምዷል። ስለዚህ ለእኛ ሙከራው የሚያልቅበት ቀን በራሱ ክፍያ የሚቆረጥበት ሳይሆን ነጋዴው ወስኖ፣ ስልኩን አንሥቶ የሚከፍልበት ቀን ነው። ይህ ለሻጩ ከባድ ይመስላል፤ እኔ ግን እንደ ዕድል አየዋለሁ። በመርሳት ገንዘብ መሰብሰብ ስለማይቻል ዕቃውን ጥሩ ከማድረግ በቀር አቋራጭ የለም።

ደግሞም ሰዓቱ አለ። "ሙከራዎ ዛሬ 12:00 ያበቃል" የሚል መልእክት ሶማሌ ተራ ላይ ማታ 12 ሰዓት፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ግን እኩለ ሌሊትን፣ የእኛን 6 ሰዓት፣ ማለቱ ነው። ቀኑ ለነጋዴዋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልታየ ከደብተሯ ጋር አይገጥምም። የስም ሳጥኑ "ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም" ቢል፣ ስልኩ 09ኙንም 07ቱንም እንዳለ ቢቀበል፣ ማረጋገጫው በኢሜይል ሳይሆን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቢመጣ፣ ከ11ዱ ደቂቃ ስድስቱ ይድን ነበር። መብራትና ኔትወርክ የጠፉባቸውን ቀናት ቆጥሮ ሙከራን መጨረስም ፍትሐዊ አይደለም፤ ሰውየው በትክክል የሠራባቸውን ቀናት ብቻ መቁጠር ለፕሮግራመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የመጀመሪያ ልምድ ምን ያህል እንደሚጸና ማየት የሚፈልግ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ያንብብ። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል፤ የእኛ ማስታወቂያዎች ግን ዛሬም "ፒችትሪ የሚችል" ይላሉ። ለምን? ሒሳብ ሠራተኞቻችን ኮምፒውተር ላይ ሒሳብ መሥራትን የተማሩት በፒችትሪ ነው። አቀባበሉን ያደረገላቸው የፕሮግራሙ ባለቤት አልነበረም፤ ጥግ ጥጉ ላይ ያሉ ማሰልጠኛዎች ናቸው፤ ተማሪው ከፍሎ፣ ከአስተማሪ ጋር ተቀምጦ፣ ከናሙና ድርጅት ሒሳብ ጋር ታግሎ ነው የለመደው። ናሙና ዳታ፣ አጠገብ የተቀመጠ ሰው፣ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ሥራ፤ ማሰልጠኛዎቹ ያደረጉት ያንኑ የካንቫንና የስትራይፕን ነገር ነው። ያን የተቀበለ ትውልድ ስሙ ሲቀየር እንኳ አልካደም።

እንግዲህ ሶፍትዌር ለምትሠሩ አንባቢዎች አንድ ቃል። የአጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እንዳሰላው፣ አምስት ሰው ፕሮግራም ሲጠቀም በቅርብ ማየት ከአጠቃቀም ችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያወጣል። ለዚህ በጀትም አማካሪም አያስፈልግም። አምስት ሱቅ ምረጡ። ባለቤቶቹን ካስፈቀዳችሁ በኋላ ባንኮኒው ጥግ ቁጭ በሉ። ፕሮግራማችሁን ክፈቱላቸውና አትናገሩ፤ አትጠቁሙ፤ እጃችሁን ወደ ማውዙ አትስደዱ። ሰዓታችሁን ብቻ ያዙ። የመጀመሪያው ዕቃ ተሸጦ ከስቶክ ላይ አንድ እስኪቀንስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ፤ ያች ቁጥር አምስት እስክትገባ ድረስ ሌላ አዲስ ነገር አትጨምሩ።

የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ደብተር ገዝታለች። ሻይዋን አሁን ከባንኮኒው በታች ነው የምታስቀምጠው።